ዩሪያው ይምጣ፣ በረቱስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት በቀረበ ቁጥር የማዳበሪያ ዜናው አንድ ዓይነት ነው። መርከቡ ጅቡቲ ደረሰ፣ ይህን ያህል ኩንታል ተራገፈ፣ ዋጋው ጨመረ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ሲፈረምም እሰየው ብለናል፣ እኔም ጭምር። ማዳበሪያው ማሳ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጽፍ ግን አላየሁም።

1 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ሰብሉን የሚያሳድግ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ገበሬው ብሩን የሚያወጣው ለዚያ ነው። እርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ካልለበሰ ግን ወደ አሞኒያ እየተቀየረ በአየር ይሄዳል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ናይትሬቱን (ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚቀየርበትን የናይትሮጅን መልክ) ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ይለውጡታል፣ ያው ኪሳራ ነው። ሙሉውን በዘር ጊዜ መበተንም አያዋጣም፤ ገና ሥር ያልሰደደ ስንዴ ምኑን ይወስደዋል? ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ቡቃያው መበርከት ሲጀምር መስጠት ይሻላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በረቱ ነው። ሰሜን ሸዋና ወሎ ደጋው ላይ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ምድጃ ሲገባ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ አመዱ ላይ ፎስፈረስና ፖታሲየም ብቻ ይቀራል (አመዱም ቢሆን ማሳ የሚደርሰው ስንቱ ነው?)። ጉራጌና ሲዳማ ብትሄዱ እበቱ የሚገባው እንሰቱ ሥር ነው። የጓሮውን አፈር አይቶ መፍረድ ነው።

ታዲያ የሸዋዋ እናት ስላላወቀች ነው የምታነደው? ኧረ በፍጹም! እንጨት የለማ። የተረፋትን ኩበት ደግሞ ገበያ አውጥታ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች። እሷን ሰብስቦ ስለ ኮምፖስት ማሠልጠን፣ ማታ በምን እንደምታበስል ሳይጠይቁ፣ ለእኔ ቀልድ ነው።

ኩበት የማይሆነውም ቢሆን ይባክናል። ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚወጣው በሽንት ነው፤ እሱ ወለሉ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። አዛባው ደጅ ተከምሮ ክረምቱን ሙሉ ይዘንብበታል። ከክምሩ ሥር የሚፈሰው ጥቁር ውሃ ገበሬው ከሱቅ በብር የሚገዛው ነገር ነው እኮ! ጣና ላይ እምቦጩ ምን በልቶ የሚፋፋ ይመስላችኋል? ሁሉም ከገበሬ በረት መጣ አልልም፣ የከተማው ፍሳሽም አለበት።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከብት የተወውን የመኖ ትራፊና ደረቅ ቅጠል በረቱ ላይ መጎዝጎዝ፣ ሽንቱን ይመጠዋል። ክምሩን ጥላ ሥር ማድረግ፣ አፈር ማልበስ። ጭዱን ሳይበሰብስ ማረስ ግን ጣጣ አለው፤ አፈር ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ጭዱን ለማብላላት ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። አፈሩን የሚያዳብረውን ባቄላ ከእህሉ ጋር በየተራው መዝራትን ደግሞ አባቶቻችንም ያውቁታል።

ባዮጋዝ (ከእበት የሚወጣ ጋዝ) ደግሞ ማገዶውንና ማዳበሪያውን ያስታርቃል፦ ጋዙ ያበስላል፣ ዝቃጩ ናይትሮጅኑን ይዞ ማሳ ይመለሳል። ብሔራዊ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ቢያንስ 4 ከብትና በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፣ ሲበላሽም የሚጠግን ሰው። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ለምትቀዳ ሴት ሌላ ሸክም ነው የሚሆነው። ለእሷ ከባዮጋዝ ይልቅ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና በማሳዋ ዳር የሚተከል የማገዶ ዛፍ ይቀድማል፤ የማዳበሪያ ድጎማ ሲመደብ ከዚያው ላይ ትንሽ ለዚህ ቢቀነስ ምን ይጎዳል?

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዩሪያን ዋጋ ስታወጡ አጠገቡ የማገዶ እንጨትንና የኩበትን የገበያ ዋጋም አውጡልን። በዚህ ዓመት ስንቱ እበት ማሳ እንደሚገባ፣ ስንቱም ምድጃ እንደሚገባ ከሱ ላይ ማንበብ ይቻላል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን