ይድረስ ለእማዬ፣ ሱሉልታ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አድርጊ» ያለሽ ሜዳ ወርደሽ ሩጪ ለማለት አይደለም፤ በዚህ ጭቃማ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የቤት ውስጥ ሥራም ይቆጠራል፤ አምስት አምስት ደቂቃ እየሆነ ቢጠራቀምም ያው ነው። ልኩን በመዝሙር እወቂው፦ እየሠራሽ ማውራት ችለሽ መዘመር ካቃተሽ በቂ ነው። ቁጭ ብለሽ እየዘመርሽ የምትለቅሚው ምስር ግን አይገባበትም፣ አትቀየሚኝ።

ስለዚህ ሥራውን ሁሉ ለሠራተኛዋ አትልቀቂው፤ አሠራሩን ብቻ ለውጪ።

ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አትንኪው፤ ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ ሲያዝም ወገብ ያጣምማል። ሁለት ባለ 5 ሊትር በሁለት እጅሽ ያዢ። ስታነሺ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበትሽ እጠፊ፣ ወደ ሰውነትሽ አስጠጊው፣ ቀና ስትዪ ትንፋሽሽን አውጪ። ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት የደም ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርገዋል።

አጭሩ መጥረጊያ ነው ወገብሽን የሚጨርሰው። ደረትሽ ድረስ የሚደርስ እንጨት ይታሰርበት። አንድ እግርሽን አስቀድመሽ ጥረጊ፣ ክፍል በቀየርሽ ቁጥር እጅም ቀይሪ፤ ስትዞሪ ወገብሽን ሳይሆን እግርሽን አዙሪ። ወለሉ እርጥብ ሲሆን ነጠላ ጫማ አውልቂና የማያንሸራትት አድርጊ።

ለልብስ ሳፋውን ከመሬት አንስተሽ ወገብሽ ልክ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ቀላል ቀላሉን እጠቢ፤ ጋቢ ግን ውሃ ሲጠጣ ለጎልማሳም ይከብዳል። ገመዱም ከአናትሽ በላይ ነው፤ አንገት ወደ ኋላ ሲቀለበስ ያዞራል።

ቡናው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከረከቦቱ ጎን ካለው ዱካ ሳይሆን ግድግዳ ተደግፎ ከቆመው ወንበር፣ እጅሽን ሳትደገፊ ቀስ ብለሽ ተነሺና ቁጭ በዪ፦ በአቦል አምስት ጊዜ፣ በቶና አምስት፣ በበረካ አምስት። ደረጃ የሚያስወጣሽን የጭን ጡንቻ የሚያጠነክረው ይሄ ነው። ካቃተሽ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሪበት፣ ከፍ ሲል ይቀላል። ጀበናው እስኪፈላ ደግሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘሽ ተረከዝሽን አሥር ጊዜ አንሺ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይመከራል። ጎረቤቶች ከሳቁ አብረው ይነሱ።

በጾም ቀን ከባዱን ሥራ ከቀመስሽ በኋላ አድርጊው፤ ባዶ ሆድ፣ ውሃ ጥምና የግፊት መድኃኒት አንድ ላይ ያዞራሉ። ደረትሽን ከጨነቀሽ ወይም ላብ ካጠመቀሽ ሥራውን ተይና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ «ያልፋል» እንዳትዪ።

ገመዱን እሁድ ስመጣ ዝቅ አደርገዋለሁ። እስከዚያ ጋቢውን አትንኪው።

ልጅሽ