ላሟ አትጾምም፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአነስተኛ ድርጅቶችን ችግር የሚፈታ የተማሪዎች ሥራ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ቢሾፍቱ ውስጥ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለኝ። በየማለዳው በከተማዋ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ወተት እሰበስባለሁ። ከፊሉን ለካፌዎችና ለሱቆች አከፋፍላለሁ፤ የቀረውን እርጎ፣ ቅቤና ዓይብ አደርገዋለሁ። የምጽፍላችሁ ሦስት ተመራቂ ተማሪዎች በ2017 ዓ.ም. ስለሠሩልኝ ሥራ ነው። ሥራቸው እኔን ከኪሳራ አውጥቶኛል፤ ለእነርሱ ግን አንድም ነጥብ አላስገኘላቸውም።

ወተት ነግዶ ለማያውቅ ሰው የጾም ነገር ቀላል ሊመስለው ይችላል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ካፌው ለ55 ቀን የማኪያቶ ወተቱን ይቀንሳል፣ የቤት ደንበኛው ይቀራል። ላሟ ግን አትጾምም፤ ገበሬው ጠዋትና ማታ ያልባል። ፋሲካ ሲውል ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወተት ይጠይቃል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ፍላጎቱ አይበርድም። ያን ጊዜ ገበሬው በጾሙ የመለስነውን ወተት አስታውሶ ለሌላ ሰብሳቢ ይሸጣል። አይፈረድበትም። አንድ ዓመት አልቀበልም ያልኩትን ወተት አንድ አባወራ ደጄ ላይ መሬት ሲደፋው አይቻለሁ፤ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሰላምታውን እንጂ ወተቱን አልሰጠኝም።

ከእነዚህ ሦስት ልጆች በፊትም ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጡ ነበር። የትብብር ደብዳቤ ያሳዩኛል፣ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት የሚጠይቅ ብዙ ገጽ ያለው መጠይቅ ይሰጡኛል፤ እኔም «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ምልክት አድርጌ እመልሳለሁ። ውጤቱን ይዞልኝ የተመለሰ አንድም ተማሪ አላየሁም። ልጆቹን አልወቅስም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት።

እነዚህ ሦስቱ ግን መጠይቅ አልያዙም። «እትዬ፣ ወተቱ የሚበላሽብዎት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለስንት ዓመት የሠራሁበት ሥራ ሆኖ ሳለ መልስ አጣሁ። ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ከንጋቱ 11 ሰዓት እየተነሡ ከሹፌራችን ጋር ፒክአፑ ላይ ወጡ። የእያንዳንዱ ገበሬ ወተት ስንት ሰዓት እንደታለበ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫነና ስንት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደገባ በደብተር መዘገቡ። ችግሩ ከዚያው ደብተር ላይ ተገኘ። መኪናችን መጀመሪያ የቅርቡን መንደር ወተት ይጭንና እስከ ሩቁ መንደር ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ መልሶ ያንኑ መንገድ ያመጣዋል። በማለዳ የተረከብነው ወተት በፕላስቲክ ጀሪካን ፀሐይ እየመታው ሲዞር ያረፍዳል ማለት ነው። ልጆቹ መኪናው ባዶውን እስከ ሩቁ መንደር ሄዶ እየተመለሰ እንዲጭን አደረጉ። ይኸው ነው። አዲስ ማሽን አልገዛንም፣ ሰው አልጨመርንም፤ አለመበላሸቱን ለማወቅ በአልኮል ስንፈትሸው የሚረጋብን ወተት ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በግልጽ ቀነሰ።

ሦስተኛው ልጅ ዲያቆን ነበር። እኔ የዘንድሮን ሰኔ ሽያጭ የምገምተው ያለፈውን ሰኔ አይቼ ነበር። እርሱ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት በባሕረ ሐሳብ አስልቶ አጽዋማቱን በሠንጠረዥ አሰፈረልኝ። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ቀን፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ቀን ነበር፤ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን እንደሚውል አሳየኝ። በዚህም ምክንያት በ2016 ዓ.ም. 18 ቀን ብቻ የነበረው፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሚገባውና ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ቀን የሚፈታው የሐዋርያት ጾም በ2018 ዓ.ም. 41 ቀን ይሆናል። ሰኔ በስም አንድ ነው፤ በወተት ገበያ ግን በየዓመቱ ሌላ ወር ነው። ረመዳንንም አልረሳም፤ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች መጋቢት 2 ቀን አብረው መግባታቸውን ጠቅሶ ለማፍጠሪያ ወተት የሚፈልጉ ደንበኞቼን ለብቻ ቆጠረ። አንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይበላል፤ ስለዚህ ከስንተኛው የጾም ሳምንት ጀምሮ ስንት ሊትር ወደ ቅቤ መቀየር እንዳለብኝ፣ ስንት ኪሎ ለበዓል ገበያ ማቆየት እንደምችል በየሳምንቱ ለይቶ ጻፈልኝ። ዘንድሮ በዓቢይ ጾም የአንድም ገበሬ ወተት አልመለስኩም። ያ አባወራም ከፋሲካ በኋላ ጀሪካኑን ይዞ መጥቷል።

ይህ ሥራ ለትምህርት ክፍላቸው ሲቀርብ ተቀባይነት አጣ። መጠይቅ የለውም፣ የናሙና አመራረጡ አልተገለጸም፣ የተለመዱትን አምስት ምዕራፎች አላሟላም ተባለ። ልጆቹ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና እያጠኑ፣ በቀራቸው ጥቂት ሳምንት ሌላ ጽሑፍ ለመጻፍ ተገደዱ። መጠይቅ ይዘው ወደ እኔ ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሞላሁላቸው፤ ከሄዱ በኋላ ግን አለቀስኩ።

የትምህርት ጥራት ይላላ እያልኩ አይደለም። የነዚያ ልጆች ደብተር ከየትኛውም መጠይቅ በላይ ጥብቅ ነበር፤ ስህተት ቢኖርበት በማግስቱ ወተቱ ረግቶ ያጋልጣቸዋል። የምጠይቀው የአንድን ድርጅት ችግር አጥንቶ፣ መፍትሔውን በተግባር ሞክሮ፣ የፊቱንና የኋላውን አነጻጽሮ ያቀረበ ተማሪ ሥራው እንደ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲቆጠርለት ለዩኒቨርሲቲዎች ግልጽ መመሪያ እንድትሰጡ ነው። መምህሩ ሲመዝን የድርጅቱ ባለቤትም ቃል ይሰማ። ተማሪውም ውጤቱን ለባለቤቱ ሳያስረክብ አይመረቅ። ጊዜውም ይታሰብበት፤ በመጨረሻው መንፈቀ ዓመት ከመውጫ ፈተና ጋር ከሚታጨቅ አንድ መንፈቅ ቀደም ብሎ ቢጀመር ልጆቹ አንድ ሙሉ ወቅት ያያሉ። የትራንስፖርቱን ነገር እኛ ነጋዴዎቹ እንችለዋለን፤ እኔ በበኩሌ ቁርሳቸውንም እችላለሁ።

መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት እንዲበዛ ሲሠራ ቆይቷል። የበዛው ወተት ገበያ የሚደርስበትን መንገድ የሚያሰላ ሰው ግን የእኔ ቢጤ ነጋዴ ቀጥሮ ሊያሠራ አይችልም። ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ጭኖ ግማሹ ተጨፍልቆ የሚደርስበት ነጋዴም፣ ሶል አጥቶ ሠራተኛ የሚበትን ጫማ ሠሪም እንደዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ግን ሎጂስቲክስና አቅርቦት የሚማሩ ልጆች አሉ።

ዲያቆኑ ልጅ በተወልኝ ሠንጠረዥ መሠረት የሚቀጥለው ዓቢይ ጾም የካቲት 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ይገባል። ተማሪዎች በኅዳር ቢመደቡልን ከጾሙ በፊት ሦስት ወር የሚያህል ጊዜ ያገኛሉ። መኪናችን በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ ለሁለት ሰው ቦታ አለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የወተት ማቀነባበሪያ ባለቤት
ቢሾፍቱ