እማማን ይዣት ክፍል ገባሁ

የኔ እህት እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ፣ ባልሽስ፣ ሰፈሩስ? ይሄን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። መጀመሪያ በቮይስ ልልክልሽ ነበር፣ መልሼ ስሰማው የገዛ ድምፄ አሳፈረኝና ተውኩት፣ በቃ እንደ ድሮው ልጻፍላት አልኩ።

ሳንነጋገር ሁለት አመት ሊሞላን ነው አይደል? የእናትሽን፣ የእማማን እረፍት ግሩፑ ላይ ነው ያየሁት፣ ስራ ቦታ ቆሜ፣ ፎቶዋን ከሻማ ጋር አድርጋችሁት። እዛው መደወል ነበረብኝ። ማታ ተረጋግቼ እደውላለሁ አልኩ፣ ማታ ሲሆን እናንተ ጋ ሌሊት ሆነ፣ በነጋታው ቀብር ላይ ናት አልኩ፣ ከዛ ሰልስቱ፣ ከዛ አርባዋ፣ ቀን በጨመረ ቁጥር አሁን ደግሞ ምን ብዬ ነው የምደውለው እያልኩ ይኸው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ሀዘንተኛውን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች ነበሩ እኮ፣ አንቺና እኔ የምንስቅባቸው፣ እኔ አሁን እነሱን ሆኛለሁ። ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ስትሆኚ ዘግቼ እወጣለሁ፣ ታምኚያለሽ?

እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። የዘገየ ለቅሶ ቢሆንም ተቀበይኝ።

አሁን ለምን ዛሬ እንደጻፍኩ ልንገርሽ። ባለፈው ጥር እማማን ይዣት እዚህ ለንደን ሰላሳ ህጻናት ፊት ቀርቤ ነበር። ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትንሿ ልጄ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ 8 አመቷ ነው፣ አፏን ታውቂዋለሽ። ክፍል ውስጥ ስለ ገና ሲወራ እጇን አውጥታ «የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ አስራ ሦስት ወር አለ» ትላለች። ማንም አላመናትም። አስተማሪዋ ከትምህርት ቤት ስወስዳት በር ላይ ያዘችኝና መጥተሽ ብትነግሪን አለችኝ። እዚህ አር ኢ የሚሉት የሃይማኖት ትምህርት አለ፣ የመንግስት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማስተማር ግዴታቸው ነው። እኔ መጀመሪያ እንደኛ የቄስ ትምህርት ቤት መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። በ1944ቱ ህግ ጊዜ (በነሱ አቆጣጠር) ስሙ ራሱ ሃይማኖት ማስተማር ነበር፣ በ1988 ነው አሁን ያለውን ስም ያገኘው። ህጉ ታላቋ ብሪታንያ ውስጥ በብዛት ክርስትና ያለ መሆኑን እያሳየ የሌሎቹንም ዋና ዋና ሃይማኖቶች እንዲያስተምሩ ነው የሚለው። ልጁ እንዲያምን አይደለም፣ እንዲያውቅ ነው። የገረመኝ ግን ለሀገሩ ሁሉ አንድ ወጥ መጽሐፍ የለውም፣ እያንዳንዱ አካባቢ ምክር ቤት ሳክሬ የሚሉት ኮሚቴ አለው፣ የየእምነቱ ሰዎችና አስተማሪዎች አብረው ይቀመጡበታል፣ የየአካባቢው የትምህርት ዝርዝርም በስምምነት ነው የሚወጣው። ያልፈለገ ወላጅ ደግሞ ልጁን ከክፍሉ ማስወጣት ይችላል፣ እኔ የሄድኩ ቀንም አንድ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ላይብረሪ ተቀምጦ ነበር።

አንቺ የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ ቅንድብሽን ሰቅለሽ «የሕገ መንግስታችን አንቀጽ 11» ስትዪ ይታየኛል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

እኔማ ደንግጬ ቄስ ላምጣልሽ አልኳት። እኔ ምን አውቄ ነው? ያቺ ሴትዮ ግን ምን አለችኝ መሰለሽ፣ ቄስም እንጠራለን፣ ቤተክርስቲያንም ወስደን እናሳያቸዋለን፣ አሁን የምፈልገው ግን እምነቱን ኩሽና ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው። ኩሽና ስትል ሳቅኩ፣ ስራዬን ማን ነገራት ብዬ።

ከዛ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሻይ አፍልታ ግማሽ ሰአት አስቀመጠችኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ፣ የእንግዳ ተናጋሪ ደንብ ነው። ወረቀት አትበትኚ፣ ወደ እምነትሽ አትጥሪ፣ የሌላውን አታንቋሽሺ፣ እኔ ከክፍሉ አልወጣም፣ ስልክሽን ታጠፊያለሽ። እና አንዷ ነገር፣ «እኔ» በዪ፣ «በኛ ቤት» በዪ፣ ሁሉም ክርስቲያን እንዲህ ነው አትበዪ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሞክሪው እስቲ! በአማርኛ እኮ ስለ ሃይማኖት «እኔ» ብለን አናውቅም፣ አፋችን የሚሮጠው «እኛ ኦርቶዶክሶች» ወደሚለው ነው። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ተለማመድኩ፣ ልጄ እየሳቀችብኝ።

ደንቡ ለምን እንደጠበቀ በኋላ ነው የነገረችኝ። ከአመታት በፊት የመጣ አንድ ሰው፣ የማን ቤተ እምነት እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝም፣ ልጆቹን ያላመነ የት እንደሚገባ በደንብ አድርጎ ነገራቸው፣ አንዷ ህጻን አባቷ የማያምን ነውና ማታ አልተኛም ብላ ስታለቅስ አደረች። በነጋታው እናትየዋ ቢሮ መጣች። ከዛ በኋላ ትምህርት ቤቱ አንድ አመት ሙሉ ማንንም አልጠራም። እኔ ብሆን እኔም አልጠራም።

ሦስት ማታ ዩቲዩብ ላይ አፈጠጥኩ። ሰማንያ አሀዱ መጽሐፍ፣ ተሰዓቱ ቅዱሳን፣ የላሊበላ አስራ አንዱ ቤተክርስቲያን… በወረቀት ጽፌ ጽፌ ሳነበው የራሴ እንቅልፍ መጣ። ይሄን የ8 አመት ልጅ ምን ያደርገዋል? እና በዛች ሌሊት ነው እማማ የመጣችብኝ። እምነት እንዴት ይኖራል ብለሽ ብትጠይቂኝ እኔ ያየሁት እናንተ ቤት ነው እኮ። የኔ እናት እንደሆነች ነጋዴ ናት፣ ከጧት እስከ ማታ መርካቶ፣ እኔን ያሳደገችኝ የናንተ ጓዳ ናት። በየወሩ በ21 ምን እንደሚመስል አስቢው፣ ከዋዜማው ጀምሮ የድፎው ሽታ፣ የኮባው ቅጠል፣ እማማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «እናንተ ውሾች ከሊጡ እራቁ» ስትለን።

በቃ እሷን እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ድፎ ጋገርኩ። ምጣድ የለ ኮባ የለ፣ ኦቨን ውስጥ፣ ግን ጥቁር አዝሙዷን አልረሳሁም። ለዳቦዋ ከአንድ ሳምንት በፊት ምን ምን እንዳለባት ጽፌ መላክ ነበረብኝ፣ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ ለማየት። እጣንም ይዤ ነበር፣ ከነማጨሻው! አስተማሪዋ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ካጨስሽው የጭስ አላርሙ ይጮህና ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሜዳ ይወጣል አለችኝ። እሺ ብዬ ሳይጨስ በፕላስቲክ ከረጢት አሸተትኳቸው። እና ነጠላዋን ለበስኩ፣ ስሄድ እማማ የሰጠችኝን፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነውን። ሪሴፕሽን ላይ አስፈርመው «እንግዳ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ ሰቀሉብኝ፣ ነጠላው ላይ ምን እንደመሰለ አትጠይቂኝ።

ምንጣፍ ላይ ተሰብስበው ተቀመጡ፣ እኔ ትንሽ ወንበር ላይ። «ጓደኛዬ እናት ነበረቻት» ብዬ ጀመርኩ። ማህበሩን ነገርኳቸው፣ በየወሩ በተራ አንዱ ቤት እንደሚደገስ፣ ቄሱ ጸልዮ ዳቦው እንደሚቆረስ፣ በመጨረሻ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ እስከሚቀጥለው ወር ቤቱ እንደሚያኖረው። ጽዋ ስለሌለኝ አንዲት ክዳን ያላት የእንጨት ዋንጫ ይዤ ሄጄ ነበር፣ እጅ ለእጅ ተቀባበሏት፣ ያለ ማንም ማስጠንቀቂያ በሁለት እጃቸው ነበር የሚቀበሏት። ይሄን ሳይ ጉሮሮዬ ያዘኝ።

ከዛ ጥያቄ መጣ። አቤት ጥያቄ! ጾም ስል ስጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው ስላቸው አንዱ ዘሎ ተነስቶ «ቪጋን ናችሁ!» አለኝ። እማማ ቪጋን። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሌላዋ ከጾም ብትበዪ ፖሊስ ይመጣል ወይ አለች። አንዱ ደግሞ ቤተክርስቲያን ውስጥ ምን አለ ሲል ታቦት አልኩት፣ አስተማሪዋ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥም አለ አይደል አለችኝ፣ አዎ 11 አለ፣ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ፣ ማንም እንዳያየው ተዘግቶበት የተቀመጠ አልኳት። «ካላዩት ለምን አይመልሱላችሁም?» አለ ያ ልጅ። ክፍሉ ጸጥ። አስተማሪዋ ሰአቷን አየች፣ እሱ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ጥያቄ ነው ብላ አለፈችው። ልጁ እስካሁን ጠበቃዬ ነው።

ከዛ አንዲት ጸጉሯ የተሸረበ ልጅ «እማማ አሁን የት ናት?» አለችኝ። አስተማሪዋ አየችኝ። ሞታለች አልኩ፣ እኔ እግዚአብሔር ጋ ናት ብዬ ነው የማምነው አልኩ፣ «እኔ» የምትለዋ ቃል እዛ ጋ ነው የገባችኝ። አንድ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ እኛ ቤት ሰው ሲሞት አበቃ ነው የሚባለው፣ ግን የአያቴን ኮፍያ አልጣልነውም አለ። ማንም አልሳቀበትም። እዚህ ሀገር በ2021 ቆጠራ ሃይማኖት የለኝም ያለው ከመቶ 37 ነው፣ ቁጥሩን በወሬ እሰማው ነበር፣ ፊቱን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፣ የአያቱን ኮፍያ ያልጣለ ልጅ።

ያቺ ባለሹርባዋ አልተወችኝም። «ጓደኛሽ አዘነች? ምን አልሻት?»

ምንም አላልኳትም አልኩ። ውሸት አልመጣልኝም። «ለምን?» ስትል አስተማሪዋ ዳቦ የመብያ ሰአት ደረሰ አለችልኝ።

ወጥቼ አውቶብስ ፌርማታው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ቤተክርስቲያን ስነግራቸው ሁሉም አልወደደልኝም። አንዷ እህታችን «እንዲህ አይነት በር ተከፍቶልሽ ስለ ዳቦ አወራሽ?» አለችኝ። ተበሳጭቼ ነበር፣ ግን ዝም አልኩ። የሌላ ሰው ልጅ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ፣ እናቱ በሌለችበት፣ ሊመልስልሽ በማይችልበት እድሜ እሱን መስበክ በኔ ሚዛን ጀግንነት አይደለም። የኔም ልጅ እኮ እዛው ምንጣፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ በሌላ ሳምንት ሌላ ሰው ሲመጣ።

መጣም። ከስር ያለችው ጎረቤቴ የደሴ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ አስተማሪዋን እኔ ነኝ ያስተዋወቅኳት። ረመዳንን፣ የነጃሺን ታሪክ፣ በ615 አካባቢ የነቢዩ ተከታዮች ሸሽተው ሀበሻ ምድር እንደተጠለሉ ነገረቻቸው። ልጆቹ ግራ ገባቸው፣ ሁለታችሁም ኢትዮጵያ ትላላችሁ ብለው። ልጄ ማታ ቤት መጥታ ስለ ሱሁር አስረዳችኝ፣ እኔን! ከዚያች ሴት ጋ ስድስት አመት ቡና ጠጥቻለሁ፣ በሌሊት ተነስታ ምን እንደምትበላ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

እና አንቀጽ 11፣ መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው። አንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል፣ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። አውቃለሁ፣ እኛ ጋ በሩ ቢከፈት መጀመሪያ የሚገባው ድምፁ ትልቅ የሆነው ነው፣ እማማማ አትጠራም። የሰፈራችን ሰርግ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ድስት ለየብቻ ነበር፣ ማንም አይጣላም፣ ማንም ግን ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ በሰላም እንበላና እንሄዳለን። አንቺ ክፍልሽ ውስጥ አንዲት እናት መጥታ በኛ ቤት እንዲህ ነው ብትል ምን የሚሆን ይመስልሻል? ልትከራከሪኝ ከፈለግሽ ደስ ይለኛል፣ ክርክርሽ ናፍቆኛል።

አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ ቀርቶብኛል። ዳቦው ሲቆረስ እማማ ከጫፉ ትንሽ ቆርሳ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ ታስቀምጥ አልነበር? ይሄን ስነግራቸው «ለማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አስተማሪዋ ጥያቄዋን በቢጫ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈቻት፣ ልጄን ልወስድ ስሄድ በመስኮት ትታየኛለች፣ እስካሁን አለች። ያቺ ባለሹርባ ልጅም ባየችኝ ቁጥር ደወልሽ ወይ ትለኛለች።

ለማን ነበር የምታስቀምጠው? ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰአት በናንተ እደውላለሁ። ባታነሺም አልቀየምም፣ እሁድ ደግሜ እደውላለሁ።

ያንቺው