በር ላይ አስቀምጪው ያልኩሽ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም ካለች በኋላ ዛሬ ምን አስነሣት ትዪ ይሆናል። ዝምታውም ጥፋቱም የኔ ነው። የባልደረባችንን ሙት ዓመት ባሰብንበት ስብሰባ «ለአፍታ እንጸልይለት» ስትዪ፣ «ጸሎትሽን በር ላይ አስቀምጪውና ግቢ፤ እዚህ የምንሠራው ፖለቲካ ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ ዛሬም ይታየኛል። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ዓመት ስለ ቤት ኪራይ የጀመርነው ዘመቻ በአራተኛው ወር ሞተብን። ትንታኔያችን ትክክል ነበር፤ ቁጥራችንም እንዲሁ። ሰው ግን ደከመው። የደከመውንም ቤቱ ድረስ ሄዶ «አይዞህ» የሚለው አልነበረም። ያን ሰሞን በአሜሪካ የሞንጎመሪ ከተማ ጥቁሮች፣ በአውቶቡስ ውስጥ በቀለም መለያየትን ተቃውመው አንሳፈርም ያሉበትን የአውቶቡስ አድማ ታሪክ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

አድማው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1955 ተጀምሮ 381 ቀን ቆየ። አስቢው፣ የሰው ቤት ሲያጸዱና ሲያበስሉ የሚውሉ ሴቶች ከዓመት በላይ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ። ማታ ማታ የሚሰበሰቡት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ነገ ማን ማንን በመኪና እንደሚያደርስ ይነጋገራሉ። ሰው የሚያመላልሱ መኪኖች እንኳ በአብያተ ክርስቲያናት ስም ተገዝተው ነበር። በጃንዋሪ 1956 አንድ ሌሊት የአድማው መሪ፣ ፓስተሩ ማርቲን ሉተር ኪንግ በስልክ የግድያ ዛቻ ደረሰው። እንቅልፍ እምቢ ቢለው ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠና ጉልበቴ አልቋል ብሎ ለአምላኩ ተናገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስቱና ሕፃን ልጁ እቤት እያሉ ቤቱ ላይ ቦምብ ተጣለ። ደጁ ላይ የተሰበሰበውን የተቆጣ ሕዝብ ያረጋጋው ራሱ ነው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ አንቺን አሰብኩ።

እኔ ሃይማኖትን የምፈራው ከትንታኔያችን ጋር የሚፎካከር መልስ ይዞ የሚመጣ መስሎኝ ነው። እነዚያን ሴቶች ግን ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ተሸንፈው ባደሩበት ማግስት የሚነሡበት ጉልበት ነበር፤ እኛ ደግሞ ያጣነው እሱን ነው። ለኪንግ ስለ ሰላማዊ ትግል ይመክረው የነበረው፣ የ1963ቱን የዋሽንግተን ሰልፍ ያደራጀው ባያርድ ረስቲን ሶሻሊስትም ኩዌከርም (ሰላምን አጥብቆ የሚሰብክ የክርስትና ወገን አባል) ነበር። እሱንስ በር ላይ ምኑን አስቀምጥ ልለው ነበር?

ነገሩ የክርስቲያኖች ብቻም አይደለም። ሙስሊሙ አብዱል ጋፋር ካን፣ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር በነበሩት በዛሬዋ ፓኪስታን ፓሽቱን በሚባሉት ሕዝቦች መካከል በ1929 ያቋቋመው እንቅስቃሴ ስሙ «የአምላክ አገልጋዮች» ነበር። አባላቱ፣ ፈጣሪ አገልግሎት ስለማያሻው ፍጥረቱን ማገልገል እሱን ማገልገል ነው ብለው፣ መሣሪያም በቀልም ላያነሡ ይምሉ ነበር። በኤፕሪል 1930 ፔሻዋር ላይ ወታደሮች ባዶ እጁን በወጣው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። መሐላው ግን ጸና።

ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ ብልሽ እዋሽሻለሁ። በደቡብ አፍሪካ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1857፣ ለአንዳንድ ምእመናን ድካም ሲባል፣ ነጩና ሌላው ሰው ተለይተው ማምለክ እንዲችሉ ፈቀደ። ለድካም ተብሎ የተፈቀደው ቆይቶ ሥርዓት ሆነ፤ አፓርታይድንም በመጽሐፍ ቅዱስ ደገፉት። ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ተለይተው እንዲያመልኩ የተደረጉት ምእመናን ግን በ1982 በኬፕታውን አካባቢ ባለችው ቤልሃር ላይ ያንኑ መጽሐፍ ይዘው፣ እግዚአብሔር በተለየ መንገድ የድሃውና የተበደለው አምላክ ነው የሚል የእምነት መግለጫ አረቀቁ። በ1986 አጸደቁት። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የሚነበብበት ወንበር ነው የተለየው።

ስለዚህ አንድ ነገር ላይ አሁንም ድርቅ እላለሁ። ሕግ ሲወጣ፣ የማይጸልየውም ሰው መዝኖ ሊቀበለው ወይም ሊጥለው በሚችል ቃል እንከራከር። «አምላክ ብሏል» ብቻ ተብሎ ማንም ላይ ቀንበር አይጫን። አንቺም በዚህ የምትጣዪኝ አይመስለኝም፤ ያን ቀንም የጠየቅሽው ሕግ አልነበረም። አንድ ደቂቃ ነበር የጠየቅሽው።

በሚመጣው ወር ሙት ዓመቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ስድስት ቀርተናል፤ እንሰበሰባለን። ብትመጪ ጸሎቱን አንቺ ጀምሪው። እኔ አሁንም መጸለይ አላውቅበትም፤ አጠገብሽ ግን እቆማለሁ። ስልኬ የድሮው ነው።

ናፋቂሽ