ለጤና ሚኒስቴር፦ ወንበሩ ላይ ሰው አስቀምጡልን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከአንድ የዞን ከተማ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሱስ የያዘው ልጅ እህት ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለገ። ከሰዓት በኋላ የት ይውል እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ጫቱ ምርቃና አመጣ፣ ምርቃናው ጨብሲ ጠየቀ፣ ጨብሲው በቢራ ጀምሮ አረቄ ላይ አረፈ። በመጨረሻ ጠዋት አፉን የሚያሟሸው በአረቄ ሆነ።

እኛም የመሰለንን አደረግን። በር ቆለፍንበት። «ሦስት ቀን ከታገሠ ይለቀዋል» ተባባልን። በሁለተኛው ሌሊት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ አጠመቀው። ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያሳየን ጮኸ። ከዚያ ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ። እናቴ «መንፈስ ነው» ብላ ጸበል ልትወስደው ነጠላዋን አጣፋች። (ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ።)

ለምነናት ሆስፒታል ወሰድነው። ሲነጋ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ያገኘነው ቁልፍ ነው። «ባለሙያው የለም» አሉን። ነበረ እኮ! ሃምሳ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሰው ቁስል በመርፌ እየሰፋ ነበር። የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ነው፤ ሰው ስላነሰ እዚያ መድበውታል። ጓንቱን ሳያወልቅ መጥቶ አየውና «በአንድ ጊዜ ነው እንዴ ያስቆማችሁት?» አለን። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊጥለው፣ ሊሞትም እንደሚችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እኛ እኮ ያዳንነው መስሎን ነበር። ዳያዘፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በልኩ ሰጠው፣ ታያሚን የሚባል ቫይታሚን ጨመረለት፣ ቁስል በሚሰፋበት መሀልም እየሮጠ እየመጣ ያየው ነበር።

ወንድሜ ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ነርሱ ሥራውን ለቀቀ። የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ነው፤ አልፈርድበትም። ምትክ ሳይመደብ ወራት አለፉ። ክትትሉ ተቋረጠ፣ ወንድሜም ወደ አረቄው ተመለሰ። ሪፈር ተጽፎልን «አዲስ አበባ ሂዱ» ተባልን።

አዲስ አበባማ ሁሉም ይሄዳል። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሲቀበል ኖሯል። ለአስታማሚ ግን ማደሪያው አለ፣ ምግቡ አለ፣ የመኪናው አለ። እናቴ የዕቁብ ብሯን በሁለት ጉዞ ጨረሰችው።

ምንም አልተሠራም አልልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን እስኪጀምር ድረስ ሐኪሞቻችን የሚማሩት ውጭ ሄደው ነበር። ዛሬ እዚሁ ይመረቃሉ። ጎንደርና ጅማም በማስተርስ ያሠለጥናሉ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጠር ያለ ሥልጠና ወስደው፣ የሚያግዛቸው ባለሙያ ከኋላቸው እያለ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው እንኳ ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። የአልኮል ማስታወቂያም በአዋጅ 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወርዷል። ጥሩ ነው። ጠጪው ላቁም ብሎ ሲመጣ ግን ማን ይቀበለው?

ሥልጠና ጨምሩ ማለት ቀላል ነው፤ ጨምሩም። ግን የእኛ ሆስፒታል የሠለጠነ ሰው ነበረው። ሰርተፍኬቱም ደሞዙም በአእምሮ ጤና ስም ነው፣ ቀኑን የሚያሳልፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሪፖርት ሲመጣላችሁ «ስንት ሠለጠነ?» ብቻ አትበሉ። «ባለፈው ማክሰኞ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ምትክ ሳይዘጋጅ ባለሙያው ከቦታው እንዳይነሳ መመሪያ አውጡ። የግድ ድንገተኛ ክፍል ማገዝ ካለበትም በሳምንት ሁለት ቀን ይተውልን፣ ቀኑና ሰዓቱም በሩ ላይ ይለጠፍ። ከገጠር የሚመጣ ሰው ቢያንስ ኪራዩን ከንቱ አያወጣም። በየአጠቃላይ ሆስፒታሉ አልኮል ለሚያቆም ሰው ሁለት አልጋ ይለይለት፤ ሌሊት እየተነሳ የሚያየው ተረኛም ይኑረው። የተረኛው ክፍያ ደግሞ በወቅቱ ይከፈለው። ያኛው ነርስ ሲሰናበተን የነገረን ስለ ደሞዙ ብቻ አልነበረም። የአምስት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዳልተከፈለውም ነግሮናል። የጤና ጣቢያ ነርስ ሲጨንቃት ደውላ የምታማክረው አንድ የሳይካትሪ ሐኪም ስልክ ቢኖራትስ? ይህ ሕንፃ አይጠይቅም።

የወንድሜ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ካርዱ ላይ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። የሚመጣው በራሱ ፈቃድ ነው፤ በር የቆለፈበት የለም። እናቴም ለሰው የምትጋግረውን እንጀራ ትታ አብራው ትመጣለች። እስከዚያ ሰው ከተመደበ አሳውቁን። ካልተመደበም አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ታካሚ እህት