የእጮኛዬን ዘር ለጠየቁኝ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ የእጄ እብጠትም ጎድሏል፤ ሥራም ያን ያህል አልበዛብኝም።

ለሕክምና የላክሁትን ገንዘብ ከባንክ እንዳላወጡት እህቴ ነገረችኝ። ዘሩ ያልታወቀ ሰው ገንዘብ ቤቴ አይገባም ብለዋል አሉ። አባባ፣ ገንዘቡ የእኔ ላብ ነው፤ የእርሱ አንድ ሳንቲም የለበትም።

ዘሩን ከጠየቁ ግን ልንገርዎት። እጮኛዬ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እኛ ዘንድ አጼ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የአያቱ አያት ባርነትን ሊወጋ በፈቃዱ ዘመተ፤ የጥቁር ወታደሮች ክፍል በሆነው በ54ኛው የማሳቹሴትስ ፈቃደኛ እግረኛ ሬጅመንት። ሲመለመሉ በወር 13 ዶላር ተብለው ነበር፤ ሲከፈላቸው 10 ሆነ፤ ከእርሱም 3ቱ ለልብስ ይቆረጣል። ከነጩ ወታደር እኩል ካልሆነ አንቀበልም አሉ። የማሳቹሴትስ ግዛት ጉድለቱን ልሙላ ብትላቸውም አሻፈረን ብለው፣ ቤተሰባቸው እየተቸገረ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ገንዘብ በመግፋትስ ዘመዳሞች ናችሁ!

ጁላይ 18 ቀን ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ዋግነር በሚባል የአሸዋ ምሽግ ላይ ሲዘምቱ፣ ከ600 ያህሉ ከ250 በላይ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። ነጩ አዛዣቸው ሮበርት ጉልድ ሾውም እዚያው ወደቀ። ለባርነት የሚዋጋው የደቡብ ጦር ሊያዋርደው ከጥቁር ወታደሮቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበረው። አባቱ ግን አስከሬኑ እንዳይነሳ፣ ልጁ ከወታደሮቹ ጋር እንዲያርፍ ጠየቀ። የእኛ ሰዎች እንጀራ የሚሸጡበት የዋሽንግተን ሰፈር ዛሬም በስሙ ሾው ይባላል። ስለዚያ አባት ሳስብ እርስዎ ትዝ ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

የእህቴ ሠርግ ለጥር ነው አሉ። ድንኳኑ ከግራሩ ሥር ይተከል ይሆን? ጠላውን ማን ይጠምቀዋል? እማማ ብትኖር ጌሾውን ለማንም አታስነካም ነበር። የጌሾው ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣብኛል፤ የዘፈኑን ድምፅ በስልክ ብቻ መስማት አልፈልግም። ሙሽሪትን የሚመርቁበትን ቀን አላሳልፍም፤ እመጣለሁ። እርሱም አብሮኝ ይመጣል። እግርዎን ስሞ ዘሩን ራሱ ይቆጥርልዎታል፤ አማርኛው ገና ነው፤ እንዳይስቁበት።

እስከዚያው ገንዘቡን ያውጡና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ ያለዎትን በእህቴ ስልክ ያስነግሩኝ።

ልጅዎ