ለቅዳሜው ስብሰባ፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ፊደል

ሰላም ወዳጆች፣

ለፈጠራችሁት ቋንቋ የሠራችሁት ፊደል ደርሶናል። ያምራል። ግን ብዙዎቻችሁ ለየድምፁ ዝም ብላችሁ ሥዕል ስላችኋል።

እስቲ የ"ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ" ደራሲ ቶልኪን በልቦለዱ ውስጥ ላሉት ኤልፎች ለሚባሉ ፍጡራን የሠራውን ቴንግዋር የተባለ ፊደል እዩ። ከኤልፎቹ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በሲንዳሪን አጻጻፍ "ት" አንድ ቋሚ እግርና አንድ ቅስት አለው። ቅስቱ ሲደገም "ድ" ይሆናል። "ፕ"ም ቅስቱ ሲደገም "ብ"፣ እግሩ ወደ ላይ ሲወጣ "ፍ" ይሆናል። ቅርፁ ራሱ አነባበቡን ይነግራል ማለት ነው። አናባቢው ብዙ ጊዜ ከላይ በምልክት ይቀመጣል፤ እንደ ግዕዝ ፊደል ከተነባቢው አካል ጋር አይዋሃድም። (የኛም ቢሆን "ሩ" እና "ሪ" ላይ ሲደርስ ከሥርዓቱ ያፈነግጣል!)

ቅዳሜ የድምፆቻችሁን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶም አትርሱ፤ በጥድፊያ ሲጻፍ የትኛው ፊደል ከየትኛው እንደሚምታታ እናያለን።